ሹፌርም ረዳትም ራስ ሲሆኑ፦ ከሜሪላንድ እስከ ኔቫዳ ለብቻ መንዳት

አጎቴ ከአዲስ አበባ ጎንደር በሚመላለስ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ላይ ለዓመታት ረዳት ነበሩ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቼ ብቻዬን ወደ ምዕራብ ልነዳ መሆኑን በስልክ ስነግራቸው የመጀመሪያ ጥያቄያቸው "ረዳትሽ ማነው?" የሚል ነበር። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ፤ እሳቸው አልሳቁም። ሹፌር መሪ ይይዛል። ጎማ የሚያየው፣ ዕቃ የሚያስረው፣ ሹፌሩ እንዳያንቀላፋ የሚያዋራው፣ ዳገት ላይ ሲቆም ከጎማው ሥር ድንጋይ የሚወትፈው፣ መኪናው ሲሰበር ባገኘው ተሳፍሮ መለዋወጫ ፍለጋ የሚሄደው ረዳቱ ነው።

ብቻውን የሚነዳ ሰው ረዳት የለውም፤ የረዳቱ ሥራ ግን አለ። የሚቻለው ከመነሳት በፊት ይሠራል፤ የማይቻለው ደግሞ በነዳጅ፣ በውኃና በሰዓት ትርፍ ይካካሳል። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ከዲሲ አካባቢ ተነስቶ በሀይዌይ 70 ካንሳስን፣ ኮሎራዶንና ዩታን አቋርጦ ላስ ቬጋስ ለሚደርስ ወጣት ነው። ዩታ ውስጥ ያለችው ሞዓብ ከተማ ጎራ ማለትን ጨምሮ 2,500 ማይል ገደማ ይሆናል፤ 4,000 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። በሰባት ወይም በስምንት ቀን ሂዱት። በአራት ቀን የጨረሱ አውቃለሁ፤ ያዩት ግን አስፋልት ብቻ ነው።

መንገዱና ወቅቱ

ፍሬደሪክ ላይ 70ን ይዛችሁ ዝም ብላችሁ ከቀጠላችሁ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ የክፍያ መንገድ ይቀበላችኋል። ሃንኮክ ላይ ወደ 68 ታጠፉ። 68 በምዕራብ ሜሪላንድ ተራሮች በኩል ሞርጋንታውን ያደርሳል፤ ከዚያ 79ን ወደ ሰሜን ይዛችሁ፣ ዋሽንግተን በምትባል የፔንሲልቬኒያ ትንሽ ከተማ ላይ ተመልሳችሁ 70 ትገባላችሁ። ክፍያ የለውም፤ ውበቱም ይበልጣል። ሳይድሊንግ ሂል የተባለው ቦታ ላይ ተራራው ለመንገዱ ሲባል 100 ሜትር ያህል ተቆርጦ፣ የድንጋዩ ንጣፎች እንደ ታጠፈ እንጀራ ተደራርበው ይታያሉ።

የሀይዌይ ቁጥሮችን ማንበብ ልመዱ። ተጋማሽ ቁጥር ያለው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፣ ጎዶሎው ከሰሜን ወደ ደቡብ ይሄዳል። በመንገዱ ዳር የተተከሉት ትንንሽ አረንጓዴ የማይል ሰሌዳዎች በየስቴቱ ከምዕራብ ድንበር ከዜሮ ስለሚጀምሩ፣ ወደ ምዕራብ ስትነዱ ቁጥሩ እየቀነሰ ይመጣል። ዜሮ ሲጠጋ ስቴቱ እያለቀ ነው። ጥቅሙ የሚታየው 911 ስትደውሉ ነው። "በረሃ ውስጥ ነኝ" ማለት ምንም አይነግራቸውም፤ "ዩታ፣ 70 ወደ ምዕራብ፣ ማይል 142" ካላችሁ ግን በቀጥታ ይመጣሉ። እኔ በየግማሽ ሰዓቱ ሰሌዳ ሳይ ቁጥሩን ጮክ ብዬ እጠራዋለሁ። ረዳቱ ፌርማታ እንደሚጠራው ማለት ነው።

ወቅቱን በተመለከተ፣ ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ሜይ መጨረሻ ወይም ከሴፕቴምበር አጋማሽ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ያለው ጊዜ ይመረጣል። በጁላይ ሞዓብ አካባቢ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የተለመደ ነው፤ ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር ደግሞ ድንገተኛ ጎርፍ አለ። የመረጥናቸው ሁለቱም ወቅቶች ግን አንድ ጣጣ አላቸው። በኮሎራዶ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ባለው የ70 ክፍል ላይ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ድረስ ለበረዶ የሚሆን ጎማ ወይም ሰንሰለት መያዝ ግዴታ ነው። ጎማችሁ የጭቃና የበረዶ ምልክት፣ ማለትም ኤም እና ኤስ የሚሉ ፊደላት ያሉት ከሆነና ጥርሱ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ካለው ይበቃል። ሰማዩ ጥርት ቢልም ሕጉ ሕግ ነው፤ ደግሞም በሜይ በረዶ የጣለበትን ቀን ራሴ አይቻለሁ።

መኪናው

ከሁሉም በላይ ጊዜ ስጡት የምለው ጎማን ነው። ሞተር ቢታመም ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ያቃስታል፤ ጎማ ግን ሳይናገር ይሄዳል።

የንፋሱን ልክ ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ቁጥር አትውሰዱ፤ እሱ ጎማው የሚችለው ከፍተኛ መጠን ነው። ትክክለኛው ልክ የሹፌሩን በር ስትከፍቱ በሩ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ። የሚለካውም ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። ከዚያ ዕድሜውን እዩ። ጎማው ጎን ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ ያለው ረጅም ኮድ በአራት አኃዝ ያበቃል፤ 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ከስድስት ዓመት ያለፈውን ጥርሱ ቢያምርም ለበረሃ አትመኑት። ጥርሱን ለመለካት የ25 ሳንቲም ገንዘብ የጆርጅ ዋሽንግተንን ራስ ቁልቁል አድርጋችሁ ጥርሶቹ መካከል ክተቱ፤ የጭንቅላቱ ጫፍ ከታየ ጎማው ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ወርዷልና ቀይሩት።

አሁን የኋላውን ኮፈን ክፈቱና ወለሉን አንሱ። ስኮርታ አለ? ብዙ አዳዲስ መኪኖች ስኮርታ የላቸውም፤ በቦታው ትንሽ ፓምፕና የሚነፋ ማጣበቂያ ነው የሚቀመጠው። ያ ለምስማር ይሠራል። ድንጋይ የጎማውን ጎን ከቀደደው ግን ዋጋ የለውም። ስኮርታ ከሌላችሁ አሮጌ መኪኖች ተፈታትተው ከሚሸጡበት ግቢ ከነቸርኬው ግዙ። ካላችሁ ደግሞ ንፋሱን ለኩ፤ ለዓመታት ማንም ስለማይነካው ባዶውን ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ቀጭኗ ጊዜያዊ ስኮርታ ከሆነች ከ50 ማይል ፍጥነት በላይ አትነዳም።

ቀጥሎ፣ ቤታችሁ በር ላይ፣ በብርሃን፣ ማንም ሳይረዳችሁ አንድ ጎማ ፈትታችሁ ግጠሙ። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መኪናውን ደልዳላ መሬት ላይ አቁሙ፤ የእጅ ፍሬን ያዙ፤ በሰያፍ ካለው ጎማ ሥር ድንጋይ ወትፉ። ጎማው መሬት እንደነካ ቡሎኖቹን በትንሹ አላሉ፣ አየር ላይ ከሆነ በኋላ ከቡሎኑ ጋር ጎማውም ይዞራልና። ከዚያ ክሪኩን የመኪናው መጽሐፍ ባሳየው ቦታ አስገብታችሁ አንሱ። ቡሎኖቹን ስትመልሱ በክብ ሳይሆን በሰያፍ እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። ከ50 ማይል በኋላ ቆማችሁ ደግማችሁ አጥብቁ።

እኔ ይህን ልምምድ ዘልዬ ነበር። ከሞዓብ ወጣ ብሎ ባለ የጠጠር መንገድ ላይ ጎማዬ ሲቀደድ ስኮርታውም ክሪኩም መፍቻውም ነበሩኝ። አምስተኛው ቡሎን ግን የሌባ መከላከያ ሆኖ ለብቻው በተሠራ ትንሽ ቁልፍ ብቻ ነበር የሚፈታው። ቁልፏን ከጉዞው በፊት ጎማ ያስቀየርኩበት ጋራዥ ሳይመልስልኝ ቀርቷል፤ እኔም አልጠየቅሁም። አንድ ቡሎን አምስት ሰዓትና የመጎተቻ ብር በላ። ለአጎቴ ስነግራቸው ዝም ብለው ቆይተው "ቤትሽ በር ላይ ብትፈችው ኖሮ ትስቂበት ነበር" አሉኝ። ቁልፏ አሁን የት እንዳለች ሌሊት ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ እነግራችኋለሁ።

የቀረውን አጠር ላድርገው። ዘይት ይቀየር። ባትሪው አራት ዓመት ካለፈው ይመርመር፤ ብዙ የመለዋወጫ መደብሮች በነፃ ይለኩታል። የፍሬን ሸራው ለተራራው ይታይ። ዳገት ላይ የሙቀት መለኪያው ከፍ ካለ ኤሲውን ዝጉና ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቱት፤ ላብ ያጠምቃችኋል እንጂ የሞተሩን ሙቀት ይስብለታል። ካልወረደ ቁሙ፤ የራዲያተሩን ክዳን ግን ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ አትንኩት።

መኪናው ኪራይ ከሆነ ሁለት ነገር እወቁ። ከ25 ዓመት በታች ከሆናችሁ በየቀኑ ተጨማሪ ይከፈላል፤ ሌላ ከተማ ላይ ለመመለስም ብዙ ጊዜ የተለየ ክፍያ አለ። ውሉም በአብዛኛው አስፋልት ያልለበሰ መንገድ ላይ መንዳትን ይከለክላል። ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ ጠጠር መንገድ የምለውን እለፉት።

ወረቀትና ገንዘብ

መንጃ ፈቃድ፣ የመኪናው ምዝገባ ወረቀት፣ የኢንሹራንስ ወረቀት። ስልክ ሊሞት ስለሚችል ሁለቱ ወረቀቶች ታትመው ይያዙ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ዕድሜው 18 ከሞላ ካርዱን ይዞ መንቀሳቀስ በሕግ ይጠበቅበታል፤ ኮፒ ሳይሆን ራሱን ካርዱን ያዙ።

የነዳጁ ሒሳብ ቀላል ነው። መኪናችሁ በጋሎን 30 ማይል ከሄደ 2,500 ማይል 84 ጋሎን ይፈጃል። በሰሞኑ ዋጋ አባዙትና ለተራራ፣ ለንፋስና ለኤሲ አንድ አምስተኛ ጨምሩበት። ለብሔራዊ ፓርኮች ለአሜሪካ ነዋሪ 80 ዶላር የሆነውን ዓመታዊ ማለፊያ ግዙ፤ ለአንድ ፓርክ ብቻ በመኪና 30 ወይም 35 ዶላር ስለሚጠየቅ ሦስት ፓርክ ካያችሁ ወጪውን መለሰ። መታወቂያ አብሮ ይታያል። የስቴት ፓርኮች ላይ ግን አይሠራም። ትንንሽ ዝርዝር ብሮች ያዙ፤ በረሃ ያሉ የድንኳን ቦታዎች ገንዘቡን በፖስታ አድርጋችሁ ብረት ሣጥን ውስጥ እንድትከቱ ነው የሚጠይቁት፤ መልስ የሚሰጥ ሰው የለም።

ስንቅ

እዚህ ላይ አያቶቻችን ከማንኛውም የካምፕ ዕቃ መደብር ይቀድማሉ። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ፤ ሁሉም ለዘማችና ለነጋዴ ተብለው የተሠሩ ይመስል ማቀዝቀዣ የማይፈልጉ፣ ክብደት የሌላቸው ናቸው። የእኔ አደራደር ይኸውና። ቆሎ ከጋቢናው ወንበር ላይ፣ በእጅ በሚደረስበት። በሶ በአንድ ጣሳ፤ ጠዋት ሁለት ማንኪያ በውኃ በጥብጬ ጨው ወይም ማር ጨምሬ እጠጣለሁ፣ እስከ ምሳ ይይዛል። ድርቆሽ በትልቅ ላስቲክ፤ ማታ አነስተኛ የጋዝ ምድጃ ላይ ቋንጣውን በበርበሬና በዘይት አቁላልቼ ድርቆሹን እጨምርበታለሁ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ጭኮ ቅቤው ስለሚቀልጥ ለሙቀት ቀን አይሆንም፤ የኮሎራዶ ተራራ ላይ ግን ወደር የለውም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ቋንጣና ቅቤ ለድብም ይሸታሉ። ሮኪ ተራሮች ውስጥ ስታድሩ ምግብ ድንኳን ውስጥ አይግባ፤ ድብ የማይከፍተው የብረት ሣጥን በተዘጋጀበት ቦታ እዚያ ክተቱ፣ የጥርስ ሳሙናውንም ጭምር።

ሌላው ማስጠንቀቂያ ለእኛ ሰው ነው። ጀበናውን ከፈለጋችሁ ያዙ፣ ከሰሉን ግን ተዉት። የከሰል ጭስ በተዘጋ ድንኳን ወይም መኪና ውስጥ ተኝቶ ያለን ሰው ሳያነቃው ይገድላል፤ የጋዝ ምድጃም እንደዚሁ። ከዚያም በላይ በበጋ የምዕራብ ስቴቶች በእሳት አደጋ ምክንያት ከሰልና እንጨት ማንደድን በብዙ ቦታ ይከለክላሉ። ቡናው ውጭ፣ በጋዝ ይፈላል። ዕጣኑ ይቅር።

ውኃ ለአንድ ሰው በቀን አንድ ጋሎን ተብሎ ይታሰባል፤ አንድ ጋሎን 3.8 ሊትር ገደማ ነው። ለብቻ ለሚሄድ እኔ አምስት ጋሎን በጄሪካን እይዛለሁ፤ እስከ መጨረሻውም አልነካውም። የምጠጣው ሌላ ነው። ቤንዚን በጄሪካን ሞልቶ መኪና ውስጥ ማስቀመጥ ግን አይታሰብም።

የሚጨነቀውን ሰው መምረጥ

ከመነሳታችሁ በፊት አንድ ሰው ምረጡና የየቀኑን መንገድ፣ ማደሪያና የሰዓት ገደብ ጻፉለት። "ማታ ሦስት ሰዓት ድረስ ካልደወልኩ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ለእገሌ ካውንቲ ሸሪፍ ደውል" የሚል ቁርጥ ያለ ነገር መሆን አለበት። (ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ልማድ ነው።) ይህ ሰው እናታችሁ ባትሆን ይሻላል። እማዬ ቢሆን ኖሮ ስልኬ ኔትወርክ ባጣ በሃያኛው ደቂቃ ፖሊስ፣ ቄስና መላው ሰፈር ይነሳ ነበር። እኔ ነርስ የሆነች የአክስቴን ልጅ መረጥኩ፤ አትደነግጥም፣ አትረሳምም። ለእማዬ ፎቶ ልኬላታለሁ።

ኔትወርክ በዩታ ለረጅም ርቀት ይጠፋል። ካርታውን ስልካችሁ ላይ አውርዱ፤ አንድ የወረቀት አትላስም ያዙ። ከአይፎን 14 ወዲህ ያሉት ስልኮች ያለ ኔትወርክ በሳተላይት የድረሱልኝ መልእክት መላክ ይችላሉ፤ አሠራሩን ቤት ሳላችሁ ተለማመዱት። በሳተላይት መላክ ሰማይ ክፍት ይሻል፤ ጠባብ ገደል ውስጥ አትመኑት።

ሜዳው፦ ከኦሃዮ እስከ ካንሳስ

የመጀመሪያ ቀን ኮሎምበስ ድረስ 410 ማይል ገደማ፤ ሁለተኛው ሴንት ሉዊስ 420፤ ሦስተኛው ሄይስ፣ ካንሳስ 515። ሦስተኛው ቀን ረጅሙ ነው፤ መንገዱም ቀጥ ያለ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሱ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ቁሙ። ጎህ ሲቀድና ሲመሽ አጋዘን መንገድ የምታቋርጥበት ሰዓት ነው።

እንቅልፍ የዚህ ክፍል ጠላት ነው። መስኮት መክፈትና ሙዚቃ ማስጮህ አይሠራም። የሚሠራው አንድ ነው፦ ማረፊያ ግቡ፣ ቡና ጠጡ፣ ወዲያው 20 ደቂቃ ተኙ። ቡናው ሥራ የሚጀምረው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስለሆነ ስትነቁ ይቀበላችኋል። የጭነት መኪና ሹፌሮች የሚያርፉበት ትልልቅ ማደያ ሻወርም አለው፤ ይከፈላል። በእነዚህ ቦታዎች የሐበሻ ሹፌር ማግኘት ብርቅ አይደለም። ሰላም በሉ፤ ከፊታችሁ ያለውን መንገድ ከየትኛውም መተግበሪያ በላይ ያውቁታል።

ካንሳስ ጠፍጣፋ ናት ይባላል። በጸጥታ ግን ዳገት ናት፤ ምሥራቋ ዝቅ ብሎ ምዕራቧ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ያልፋል፤ ነዳጃችሁ ለምን በቶሎ እንደሚያልቅ ከዚህ ተረዱ። ንፋሷም ይጎትታል። በማርች 14 ቀን 2025 ምዕራብ ካንሳስ ውስጥ 70 ላይ በተነሳ የአቧራ ማዕበል በደርዘን የሚቆጠሩ መኪናዎች ተላትመው ስምንት ሰዎች ሞተዋል። አቧራ ከፊት ካያችሁ አትግቡበት፤ በመጀመሪያው መውጫ ውጡ። ከያዛችሁ ደግሞ ከአስፋልቱ የቻላችሁትን ያህል ራቁ፣ መብራት አጥፉ፣ እግራችሁን ከፍሬን አንሱ። መብራቱ ወይም የፍሬኑ ቀይ ከበራ ከኋላ የሚመጣው መንገድ መስሎት ይከተላችኋል።

ፖሊስ ካስቆማችሁ፣ አገር ቤት እንደለመድነው ከመኪና ወርዶ ወደ ትራፊኩ መሄድ እዚህ አይሠራም፤ እንደ ጥቃት ሊቆጠር ይችላል። ፍሬቻ አሳይታችሁ በቀኝ ጥግ ቁሙ፣ ሞተር አጥፉ፣ እጃችሁን መሪው ላይ አድርጋችሁ ጠብቁ። ወረቀቱን ከሣጥኑ ከማውጣታችሁ በፊት "ላውጣ?" ብላችሁ ጠይቁ።

ተራራው

ከሄይስ ዴንቨር አጠገብ ያለችው ኦሮራ 335 ማይል ገደማ ናት። እዚያ አንድ ቀን እረፉ። እንጀራ አለ፣ ሥጋ ቤት አለ፣ ቤተ ክርስቲያን አለ። ዴንቨር አንድ ማይል ከፍታ ላይ ነኝ ብላ ትኩራራለች፤ 1,609 ሜትር መሆኑ ነው፣ አዲስ አበባ ከዚያ በ700 ሜትር ትበልጣለች። ግን አትታበዩ፤ ሜሪላንድ ለዓመታት የኖረ ሳንባ እንጦጦን ረስቷል። ውኃ ጠጡ፣ ራስ ምታት ካለ ቀኑን ጨምሩ።

ነዳጅ ስትቀዱ እዩ፦ በኮሎራዶና በዩታ ርካሹ ቤንዚን ብዙ ጊዜ 85 ኦክቴን ነው፤ ኦክቴን ማለት ማደያው ላይ የሚጻፈው የቤንዚኑ ደረጃ ቁጥር ነው። መኪናችሁ 87 የሚል ከሆነ መካከለኛውን ቅዱ።

ከዴንቨር ወደ ተራራው ዓርብ ማታና ቅዳሜ ጠዋት አትውጡ፤ ከተማው ሁሉ ይወጣል። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ጥሩ ነው። መንገዱ እየወጣ 3,400 ሜትር ገደማ ላይ አይዘንሃወር ዋሻ ይገባል፤ ከእንጦጦ ጫፍ በላይ ናችሁ ማለት ነው። ከዋሻው ስትወጡ ቁልቁለቱ ይጀምራል። አባይ በረሃን ወይም ሊማሊሞን የወረደ ሹፌር የሚያውቀው ሕግ እዚህም ይሠራል፦ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። አውቶማቲክ መኪና ላይ ኤል ወይም ኤስ የሚለውን፣ ወይም በእጅ የሚቀነሰውን ማርሽ ተጠቀሙ። ፍሬኑን ሳታቋርጡ አትርገጡ፤ ጠበቅ አድርጋችሁ ፍጥነት ቀንሱና ልቀቁት። የተቃጠለ ነገር ከሸተታችሁ መውጫ ላይ ግቡና ፍሬኑ ይቀዝቅዝ። በቀኝ በኩል የሚታዩት የጠጠር ዳገቶች ፍሬን ለከዳቸው ከባድ መኪናዎች የተሠሩ ናቸው፤ የእናንተም ፍሬን ከከዳ ግቡበት፣ መኪና ይጎዳል እንጂ ሰው ይተርፋል።

ግሌንዉድ ካንየን በዝናብ ጊዜ በድንጋይና በጭቃ ናዳ ይዘጋል። ጠዋት የስቴቱን የመንገድ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ሳታዩ አትነሱ፤ መዞሪያው ሰዓታት ይፈጃል።

በረሃው

ዩታ ስትገቡ ሣሩ ይጠፋና ድንጋዩ ቀይ ይሆናል። 70ን ለቃችሁ በ191 ወደ ደቡብ ሞዓብ ትወርዳላችሁ። አርችስ ብሔራዊ ፓርክ ከከተማዋ አጠገብ ነው፤ በአንዳንድ ዓመታት በሰዓት የተወሰነ የመግቢያ ቀጠሮ ስለሚጠይቅ ከመሄዳችሁ በፊት ድረ ገጹን እዩ። ዴድ ሆርስ ፖይንት ግን እንዳያመልጣችሁ፤ የኮሎራዶ ወንዝ ከእግራችሁ 600 ሜትር ሥር ሲጠማዘዝ ይታያል። የስቴት ፓርክ ስለሆነ ለብቻው ይከፈላል። እኔ ጎህ ሲቀድ ደርሼ ነበር፤ ግሸን ወጥቶ ቁልቁል ያየ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል።

ማደሪያው ቢኤልኤም የሚባለው የፌዴራል የመሬት አስተዳደር መሥሪያ ቤት በሚይዘው ሰፊ መሬት ላይ ነው። ክልከላ በሌለበት ቦታ እስከ 14 ቀን በነፃ ማደር ይቻላል፤ ሞዓብ ዙሪያ ግን በተፈቀዱ ቦታዎች ብቻ ነው። ሲመሽ አትፈልጉ፤ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ገብታችሁ በብርሃን እዩት። መኪናውን አፍንጫውን ወደ መውጫው አዙራችሁ አቁሙ። ቁልፉ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይሁን። ቦታው ካልጣማችሁ፣ ምክንያት ባታገኙለትም፣ ተነሱ።

ሴት ልጅ ብቻዋን ስትሆን "ብቻሽን ነሽ?" የሚል ጥያቄ ይመጣል። አብዛኛው ሰው በቅንነት ነው የሚጠይቀው። የእኔ መልስ ግን ሁልጊዜ "ወንድሜ ከኋላ እየመጣ ነው" ነው። ወንድም የለኝም።

ደረቅ ወንዝ ውስጥ አትደሩ፣ መኪናም አታቁሙ። ዝናቡ ከእናንተ ርቆ ተራራ ላይ ዘንቦ ጎርፉ ፀሐይ በወጣበት ሊመጣ ይችላል። 30 ሴንቲ ሜትር የሚፈስ ውኃ ትንሽ መኪና ይወስዳል። የጠጠር መንገድ ላይ ዝናብ ከጀመረ ቶሎ ወደ አስፋልት ውጡ፤ የዚህ አገር ሸክላ አፈር ሲርስ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ካልቻላችሁ ከፍ ያለ ቦታ ቁማችሁ እስኪደርቅ ጠብቁ። ለዚህ ነው አንድ ትርፍ ቀን የሚያዘው።

በእግር ስትሄዱ ከመንገዱ አትውጡ። ጥቁር ቅርፊት የመሰለው አፈር ሕያው ነው፤ በአንድ እርምጃ የፈረሰው ለመመለስ ብዙ ዓመታት ይወስድበታል። መኪና ከተበላሸ ደግሞ መኪናውን ለቃችሁ አትሂዱ። ከሰው ይልቅ መኪና ይታያል፤ ጥላውም ውኃውም እዚያው ነው። ኮፈኑን ክፈቱ፣ ቀይ ጨርቅ ስፖኪዮው ላይ እሰሩ፣ ጥላ ሥር ተቀመጡ።

የመጨረሻው ባዶ መንገድ

ወደ 70 ስትመለሱ ግሪን ሪቨር የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እዚህ ታንኩ ግማሽም ቢሆን፣ ሦስት አራተኛም ቢሆን ሙሉት። ከዚህ እስከ ሳላይና ከ100 ማይል በላይ ማደያም፣ ሱቅም፣ ቤትም የለም፤ ኢንተርስቴት በሚባሉት ስቴት አቋራጭ ሀይዌዮች ሁሉ እንዲህ ያለ ረጅም ባዶ ቦታ ሌላ የለም። ይህ የመንገዱ ክፍል እስከ 1970 አልተከፈተም ነበር፤ ሳን ራፋኤል ስዌል በሚባለው ከፍ ያለ ምድር ጫፍ ያለውን የድንጋይ ግድግዳ በድማሚት እየፈለጡ ነው ያወጡት። ፍጥነቱ 80 ማይል ቢፈቀድም ቸኩላችሁ አትለፉት። የእይታ ማቆሚያዎች አሉ፤ በሁሉም ቁሙ። መጸዳጃ እንጂ ውኃ አትጠብቁ።

የአጎቴ የነዳጅ ሕግ "ግማሽ ከሆነ ባዶ ነው በይ" የሚል ነው። ከግሪን ሪቨር ሞልቼ ተነስቼ ሳላይና ስደርስ እንኳ ግማሽ ያህል ስለቀረኝ ቀዳሁ።

ኮቭ ፎርት ላይ ከባልቲሞር የጀመረው 70 ያለ ምንም ሥነ ሥርዓት 15 ውስጥ ገብቶ ያልቃል። ወደ ደቡብ ያዙ፤ ላስ ቬጋስ 245 ማይል ገደማ ትቀራለች። በመካከሉ አሪዞናን በ29 ማይል ብቻ ትቆርጣላችሁ፤ የቨርጂን ወንዝ ገደል ውስጥ ኩርባው ስለሚበዛ በካሜራ አትጠመዱ። ኔቫዳ ስትደርሱ ሰዓቱ ከዩታው በአንድ ቀንሶ ይጠብቃችኋል፤ ለአክስታችሁ ልጅ የሰጣችሁትን የሰዓት ገደብ በየትኛው ሰዓት እንደጻፋችሁ አስታውሱ። እኔ ረስቼ ደረስኩ ብዬ ስደውል፣ የሸሪፉን ቁጥር በእጇ ይዛ ነበር።

ቬጋስ ውስጥ ሐበሻ ምግብ ቤት ሞልቷል። ከመግባታችሁ በፊት ግን ጎማዎቹን አንድ ጊዜ ዙሩና እዩ።